ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ ብርቱካንና ስለ ሎሚ በሽታ

የዳባትና የደባርቅ ደጋ የገብስ አገር ነው እንጂ የብርቱካን አገር አይደለም። ስለዚህ የብርቱካን በሽታ ነገር ሲነሣ የደጋው ሹም «ይህስ የቆላው ጕዳይ ነው» ብሎ ቢያልፈው አያስደንቅም፤ ነገር ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ዛሪማና ወደ አዲአርቃይ የሚወርደው መንገድ በዳባትና በደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን ይዞራልና፣ በዚያ የሚጫነው ችግኝ ሁሉ በደጋው ሹም ዓይን ሥር ያልፋል። የበሽታውም ዋና መግቢያ በር ችግኙ ነው።

የብርቱካንን ዘር ከጐዱት በሽታዎች አንዱ ትሪስቴዛ ይባላል፤ ትርጓሜውም በፖርቱጋል ቋንቋ ኀዘን ማለት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ዓመታት በአርጀንቲናና በብራዚል በሚሊዮን የሚቈጠሩ ዛፎችን አጠፋ። በ1946 ሜኔጊኒ የተባለ የብራዚል ሊቅ በሽታው ቫይረስ መሆኑንና ክሽክሽ ከዛፍ ወደ ዛፍ እንደሚያጋባው አስረዳ። ይኸው ቫይረስ በኢትዮጵያም መኖሩ ተመዝግቧል።

ክሽክሽ ቫይረሱን ይዞ የሚቈየው አንድ ወይም ሁለት ቀን ያህል ነው። ከአገር ወደ አገር የሚያሻግረው ግን የሰው እጅ ነው፤ ከታመመ ዛፍ ለክተባ የተቈረጠ ቀንበጥ በሽታውን ይዞ ይሄዳልና።

ዛፍ በውኃ መተኛትና በሥር መበስበስም ይጠወልጋል፤ ስለዚህ መድረቁ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። በኮምጣጣ ብርቱካን ግንድ ላይ የተከተበው ጣፋጭ ብርቱካን በቶሎ ሲሞት፣ ሌላው ምንም ሳይታይበት በሽታውን ተሸክሞ ይኖራል። ደኅና ምስክር የሚሆነው በየጓሮው የሚገኘው ትንሹ ሎሚ ነው። ለጋ ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሥተው ሲመለከቱት ጅማቶቹ እየተቈራረጡ ብርሃን ካሳለፉ፣ ቅርፊቱም ሲላጥ እንጨቱ ተቦርቡሮ ከተገኘ፣ ጥርጣሬው ይጸናል። የመጨረሻው ፍርድ ግን የላቦራቶሪ ነው።

በሽታ በተሰማ ጊዜ አስቀድሞ መጥረቢያ የሚያነሣ ሹም ሁለት ጕዳት ያመጣል። ጤነኛውን ዛፍ ሳያስመረምር ያስቈርጣል፤ ገበሬውም ዛፉን እንዳያጣ በሽታውን ይሰውራል። የተሰወረ በሽታ ደግሞ ፈለጉ አይገኝም። ስለዚህ ከመጥረቢያው መዝገቡ ይቅደም።

በመዝገቡም ችግኙ ከየትኛው ችግኝ ጣቢያ እንደ መጣ፣ ቀንበጡ ከየትኛው እናት ዛፍ እንደ ተቈረጠ፣ በየትኛው ቀን ደባርቅን እንዳለፈ፣ በማንስ ጓሮ እንደ ተተከለ ሊጻፍ ይገባል። እንዲህ ከሆነ በዛሪማ አንድ ሎሚ ምልክት ቢያሳይ፣ ከዚያው እናት ዛፍ የተወለዱት ችግኞች ሁሉ የት እንዳሉ በአንድ ቀን ይታወቃል። መዝገብ ከሌለ ግን ሹሙ ከጓሮ ጓሮ ሲዞር በሽታው ይቀድመዋል።

ለታመመው ዛፍ መድኀኒት የለውም። ምርመራው ካረጋገጠ በኋላ መነቀሉ ግድ ነው፤ ያን ጊዜ ለባለቤቱ ንጹሕ ችግኝ መተካት ቸርነት ሳይሆን የሥራው ክፍል ነው። ምትክ እንደሚያገኝ ያወቀ ገበሬ ራሱ መጥቶ ይናገራልና።

ብርቱካን ተተክሎ ለፍሬ እስኪበቃ ዓመታት ይፈጃል፤ የአንድ ቀን ቸልታ የእነዚያን ዓመታት ድካም ከንቱ ያደርጋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ምሳሌ በዚህ ጕዳይ እንደ ቃሉ ነው፤ ቅጠሉን በጊዜው ያየና ችግኙን በመዝገብ የያዘ ሹም ቆላውን ከኀዘን ያድናል።