የባንክ ቁጥር ከማሰራጨታችን በፊት



ከተበላ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ሞተር ሲገለበጥ ወይም ልጅ ከዛፍ ሲወድቅ ወሬው በስልካችን ቶሎ ይደርሰናል። «አከርካሪው ተሰብሯል፤ ኦፕሬሽን ያስፈልገዋል» ይባልና የባንክ ቁጥር ይሰራጫል። ለመስጠት መሽቀዳደማችን መልካም ነው። ግን አንድ ጥያቄ እንዘላለን፦ ጉዳቱ ተመዝኗል ወይ?

አከርካሪው የተሰበረ ሁሉ ኦፕሬሽን አያስፈልገውም። ለደረትና ለወገብ አከርካሪ ስብራት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ «ቲሊክስ» የሚባል የነጥብ መለኪያ አለ። ሦስት ነገር ይጠይቃል።

1. አጥንቱ እንዴት ተሰበረ? ተጨምቆ ከሆነ 1፣ ፈንድቶ ከሆነ 2፣ ከቦታው ተንሸራቶ ወይም ዞሮ ከሆነ 3፣ ላይና ታቹ ተላቆ ከሆነ 4።
2. ነርቭ ተጎድቷል? ካልተጎዳ 0፤ ከተጎዳ እንደ ዓይነቱ 2 ወይም 3።
3. አጥንቶቹን ከኋላ የያዙት ጅማቶችስ? ደህና ከሆኑ 0፣ ካጠራጠሩ 2፣ ከተበጠሱ 3።

ድምሩ እስከ 3 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ኦፕሬሽን ይታከማል። 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ኦፕሬሽን ያደላል። 4 ከሆነ ሁለቱም መንገድ ክፍት ነው።

እዚህ ላይ ልብ እንበል! ህብለ ሰረሰሩ ሙሉ በሙሉ የተጎዳ ሰው በነርቭ በኩል 2 ሲያገኝ በከፊል የተጎዳው 3 ያገኛል። ለምን? ሊተርፍ የሚችል ነገር ገና ስላለ ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን እናደርጋለን፤ እግሩን ትንሽ ያንቀሳቀሰውን «ደህና ነው» ብለን ወጌሻ ዘንድ እናቆየዋለን። መጣደፍ የሚገባን ለእርሱ ነበር።

«ቁጥር ሐኪምን ይተካል ወይ?» የሚል ይኖራል። አይተካም። ዕድሜ፣ ሌላ ጉዳትና ሌላ በሽታም ይታያሉ። የጅማት ጉዳትን በደንብ ለማየት ኤምአርአይ ሊያስፈልግ ይችላል። ቢሆንም ነጥቡ ሪፈር ወረቀት ላይ ቢሰፍር የሶዶውና የአዲስ አበባው ሐኪም በአንድ ቋንቋ ይነጋገራሉ፤ ቤተሰብም ለምን እንደሚላክ ይገባዋል።

የኛ ድርሻ ቀላል ነው። የወደቀን ሰው አጥፈን ባጃጅ ውስጥ አንክተት፤ ጀርባውና አንገቱ ሳይጣመም በሳንቃ ወይም በቃሬዛ እንያዘው። ሐኪሙን «ስብራቱ ምን ዓይነት ነው? ነርቩስ? ጅማቱስ?» ብለን በአክብሮት እንጠይቅ። ኦፕሬሽን ያስፈልገዋል ከተባለ ያኔ የባንክ ቁጥሩን እናሰራጭ፤ አንድ ቀንም አንዘግይ። የማያስፈልገው ከሆነ ደግሞ ገንዘባችን ለመድኃኒት፣ ለወገብ መደገፊያና ተኝቶ ለሚከርመው አባወራ ልጆች ቀለብ ይዋል። እርሱም ሶደቃ ነው።

አላህ የታመሙትን ሁሉ ያሽርልን።