ቅዝቃዜ ብቻውን ምስክር አይሆንም

የመጀመሪያ ደመወዙን የተቀበለ ወጣት ወደ ሱቅ ሲገባ፣ በመደርደሪያ ላይ የተደረደረውን የካርቶን ጭማቂ ትቶ በማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውን ያነሣል። «ትኩሱ ይኸኛው ነው» ይላል፤ በዋጋም ጨምሮ ይከፍላል።

ነገሩን ጠጋ ብለን ብንመረምረው ግን ፍርዱ የችኮላ ሆኖ ይገኛል። በፋብሪካ የሚታሸጉት ሁለቱም ዓይነቶች አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት ያለፉ ናቸው። ይህንን ዘዴ ሉዊ ፓስተር በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. አስተማረ፤ ቶማስ ዌልች የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪምም በ1869 በወይን ጭማቂ ላይ ሠራበት። የመደርደሪያው ጭማቂ ተሕዋስያን በማይገቡበት አኳኋን በጸዳ ዕቃ ይታሸጋል፤ የማቀዝቀዣው ግን ያለ ብርድ አይቆይም። ጣዕሙ ይሻል ይሆናል፤ ነገር ግን መብራት ጠፍቶ በቆየ ቁጥር ደኅንነቱ ያጠራጥራል።

ከቶ በሙቀት ያላለፈውስ? በ1996 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ እንዲህ ያለ የፖም ጭማቂ ከ60 በላይ ሰዎችን አሳመመ፤ አንዲት ሕፃንም ሞተች። ጭማቂው በብርድ ተጠብቆ የሚሸጥ ነበር፤ ይሁን እንጂ ብርዱ አላዳናትም። ብርድ ተሕዋስያንን ያዘገያል እንጂ አይገድልምና። ከሁለት ዓመት በኋላ የአገሩ መንግሥት በሙቀት ባላለፈ የታሸገ ጭማቂ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዘዘ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከመክፈላችን በፊት በዕቃው ላይ የተጻፈውን እናንብብ። የመደርደሪያውንም ቢሆን አንዴ ከከፈትነው በኋላ በቢሮ ጠረጴዛ ላይ አናሳድረው፤ እሽጉ ሲከፈት ጥበቃውም አብሮ ይከፈታልና። ማንበብ የተማርነው ለፈተና ብቻ አይደለም።