ማሽን ይምከር፥ ሰው ይዘዝ



በዚህ ዘመን ስልኩም፥ ባንኩም፥ መሥሪያ ቤቱም ከኮምፒዩተር ጋራ የተሳሰረ መሆኑን የማያውቅ የለም። እነዚህ ኮምፒዩተሮች ሌሊትና ቀን ሳያቋርጡ እንዲሠሩ የሚጠብቋቸው ሠራተኞች አሉ፤ ሥራቸውም ብልሽት ሲደርስ ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘትና ቶሎ መጠገን ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ረዳት በዚህ ሥራ ገብቷል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ማሽኑ ራሱ ብልሽቱን ካገኘው፥ እኛ የኔትወርክና የሰርቨር ትምህርት ለመማር ስለ ምን እንደክማለን?» ሲሉ እሰማለሁ። ይህ አነጋገር ለጆሮ የሚጥም ቢሆንም እኔ አልስማማበትም። ምክንያቴንም ባጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ የረዳቱን ጥቅም መካድ አይገባም። ሰርቨር ከሚሠራው ብዙውን ሎግ በሚባለው መዝገብ ይጽፋል። ብልሽት ሲደርስ በሺሕ የሚቈጠር መስመር ማንበብ ለሰው ዓይን አድካሚ ነው። ረዳቱ ግን ይህን ሁሉ ፈጥኖ አንብቦ ብልሽቱ ከየት እንደ ጀመረ ሊጠቁም ይችላል። በእኩለ ሌሊት ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ እርዳታ ነው።

ዳሩ ግን መጠቆም ሌላ፥ ማዘዝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 በአሜሪካ አገር የሆነው ይህን ያስረዳል። ጄሰን ሌምኪን የተባለ ነጋዴ ረፕሊት በሚባለው ኩባንያ ረዳት ሲሠራ፥ ያለ ፈቃዱ ምንም ነገር እንዳይለውጥ አዝዞት ሳለ፥ ረዳቱ በሥራ ላይ ያለውን ዳታቤዝ ደመሰሰው። ይባስ ብሎም የጠፋውን መመለስ አይቻልም አለው፤ ሰውዬው ግን ራሱ ሲሞክረው ተመለሰለት። ኩባንያውም ከዚያ በኋላ የሙከራውን ዳታቤዝ ከዋናው ለመለየት ተነሣ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ረዳቱ ሲሳሳትም አነጋገሩ የሊቅ አነጋገር ነው። እውነቱን ከሐሰቱ የሚለየው ነገሩን የሚያውቅ ሰው ነው።

«ሰውስ አይሳሳትምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፥ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 4 ቀን 2021 በፌስቡክ ኩባንያ የኔትወርኩን አቅም ለመመርመር በተሰጠ አንድ ትእዛዝ ምክንያት የኮምፒዩተር ማእከሎቹ እርስ በርሳቸው ተቈራረጡ። ፌስቡክ፥ ኢንስታግራምና ዋትሳፕም 6 ሰዓት ያህል ጠፉ። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ እንዲያግድ የተሠራው ፕሮግራም እንኳ ጕድለት ስለ ነበረበት ሳያግደው ቀረ። ስለዚህ ሰውም ማሽንም ይሳሳታል።

ነገር ግን ከዚህ ታሪክ የምንማረው ዋናው ቁም ነገር ሌላ ነው። ኔትወርኩ በጠፋ ጊዜ ሠራተኞቹ ብልሽት የሚፈልጉባቸው የውስጥ መሣሪያዎችም አብረው ጠፉ። ከሩቅ ሆኖ መጠገን ስላልተቻለ መሐንዲሶች ኮምፒዩተሮቹ ወዳሉበት ቦታ በአካል መሄድ ግድ ሆነባቸው። ዛሬ የምንመካባቸው ረዳቶች አብዛኞቹ የሚደርሱን በኢንተርኔት መስመር ነው። መስመሩ በተቈረጠ ቀን ረዳቱም አብሮ ይቈረጣል። በዚያች ሰዓት ጥያቄ መጠየቅ ብቻ የተማረ ሰው ባዶ እጁን ይቀራል።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ጀማሪ ሙያውን የሚለምደው ትንንሹን ብልሽት ራሱ እየፈለገ ነው። ይህን ሁሉ ለረዳቱ ከለቀቅንለት፥ ዛሬ ያሉት ባለሙያዎች ሲያረጁ ተተኪው ከየት ይመጣል? የረዳቱንስ ስሕተት ማን ያርመዋል?

ስለዚህ የእኔ አሳብ ይህ ነው። ረዳቱ መዝገቡን ያንብብ፥ ምክንያቱን ይጠቁም፤ ነገር ግን ለመደምሰስና ለመለወጥ ሥልጣን አይሰጠው። ትእዛዙን የሚሰጠው ውጤቱን የሚያውቅና በኀላፊነት የሚጠየቅ ሰው ይሁን። ጀማሪውም አስቀድሞ በራሱ ይመርምር፤ ከዚያ በኋላ የረዳቱን መልስ ከራሱ ጋራ ያስተያይ።

የክፍል ጓደኞቼ ሆይ! ረዳት ማግኘት ዕድል ነው፤ የረዳት ጥገኛ መሆን ግን ጕዳት ነው። መምህራኖቻችንም መልሱን ብቻ ሳይሆን ወደ መልሱ የደረስንበትን መንገድ ይጠይቁን። ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ እንደ ተባለ፥ ዛሬ በትምህርት ቤት ሳለን ካልለመድነው ነገ በሥራ ቦታ አንለምደውም።