«ጆሮህ ጤነኛ ነው» ከተባለ በኋላ



አንድ አባት በሮቤ ወይም በጎባ ገበያ መሃል ልጁን «የስንዴውን ዋጋ ጠይቅ» ይለዋል እንበል። ልጁ «ምን አልክ አባባ?» ይላል። ማታ ቤት ውስጥ ግን ሹክሹክታ እንኳ አያመልጠውም። አባት «ሲፈልግ ይሰማል!» ብሎ ይቆጣል፤ ተመርምሮ «ጆሮህ ጤነኛ ነው» ሲባል ደግሞ ቁጣው ይብሳል። ልጁ ግን እየዋሸ ላይሆን ይችላል።

የተለመደው ምርመራ የሚለካው ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ምን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ እንደምንሰማ ነው። በጫጫታ መሃል የአንድን ሰው ንግግር ለይቶ መያዝ ሌላ ሥራ ነው፤ ነርቭና አእምሮም ይደክሙበታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ኩጃዋና ሊበርማን የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ ከኃይለኛ ድምፅ በኋላ የመስማት ልኬቱ ወደ ቦታው ቢመለስም የጆሮን ህዋሳት ከነርቭ የሚያገናኙት መጋጠሚያዎች በብዛት ጠፍተው ቀርተዋል። በሰው ላይ ምን ያህል እንደሚደርስ ጥናቱ ገና አልተቋጨም።

ነገሩ ለባሌ ሩቅ አይደለም። «ገና» እና «ቦና» በሚባሉት ሁለት የምርት ወቅቶች አጨዳ ሲደርስ ኮምባይነር ላይ የሚውል ወጣት አለን። ከ85 ዴሲቤል በላይ በሆነ ድምፅ ውስጥ በየቀኑ 8 ሰዓት መዋል ጆሮን ይጎዳል። ጥጥ መወተፍ ብዙ አያድንም፤ ለዚሁ የተሠራ የጆሮ መድፈኛ ወይም መሸፈኛ ያስፈልጋል። የሰርግ ድምፅ ማጉያ ሥር የሚቀመጡትንም እንጨምር!

ሌላም ምክንያት አለ። ቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር ልጅ በአማርኛ ሲያወሩት፣ ወይም በተገላቢጦሽ፣ ጆሮው ሙሉ ጤነኛ ሆኖ እንኳ ጫጫታ ውስጥ ቃላት ያመልጡታል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ስንፍናም አይደለም።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ንግግራቸው እንዲገባ ሦስት ጊዜ ይደግሙት እንደነበር አነስ (ረ.ዐ.) ማስተላለፋቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። እኛ ግን ሁለተኛውን «ምን አልክ?» እንኳ አንታገሥም። ልጁን ከሩቅ ከመጥራት ፊት ለፊቱ ቆመን፣ ሬዲዮኑን ዘግተን እናናግረው። ለኹጥባ ከኢማሙ ቀረብ ብሎ ይቀመጥ። ሐኪም ዘንድ ሲሄድም «አልሰማም» ብቻ አይበል፤ «ጸጥታ ውስጥ እሰማለሁ፣ ሰው ሲበዛ ይጠፋብኛል፤ ኮምባይነር ላይ ይህን ያህል ወር ሠርቻለሁ» ይበል፤ በጫጫታ መሃል ንግግርን የሚፈትን ምርመራ ካለም ይጠይቅ።