በሽተኞቹንስ ማን ጠየቃቸው?

በቅርቡ ክፍል ውስጥ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ፎቶዎች በፕሮጀክተር ሲታዩ ግማሹ ተማሪ ሳቀ። «ይሄ ደብር ነው ኤግዚቢሽን?» ያለም ነበር። አልዋሽም፣ እኔም ስቄያለሁ። ላይብረሪ ገብቼ ታሪኩን ሳነብ ግን ሳቄ ወዲያው ጠፋ።

ቤተ ክርስቲያኑ ፈረንሳይ አገር፣ ሞን ብላን ተራራ ፊት ለፊት፣ አሲ የሚባል ከፍተኛ ቦታ ላይ ያለ የካቶሊክ ደብር ነው። ንድፉን ያወጣው አርክቴክት ሞሪስ ኖቫሪና ሲሆን የተባረከው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። አካባቢው ያኔ አየሩ ለሳንባ ነቀርሳ ጥሩ ነው ተብሎ የተሠሩ የሕሙማን ማገገሚያዎች የሞሉበት ነበር። ስለዚህ እዚያ ቅዳሴ ከሚያስቀድሱት ብዙዎቹ በሽተኞች ነበሩ። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ደብሩን ያስወራው ውስጡ ያለው ዕቃና ሥዕል ነው። አባ ኩቱሪዬ የተባሉ የዶሚኒካን ካህን፣ ችሎታ ከሌለው አማኝ ይልቅ የማያምን ባለ ተሰጥኦ ቢሠራው ይሻላል የሚል አቋም ነበራቸው። እናም የፊት ለፊቱን ሞዛይክ የሠራው ሌዤ ኮሚኒስት ነው። ማጥመቂያው ግድግዳ ላይ እስራኤላውያን ቀይ ባሕርን ሲሻገሩ በሸክላ ንጣፍ ያሳየው ሻጋል አይሁዳዊ ነው። ሊፕሺትስም እንደዚሁ፤ እንዲያውም የእመቤታችንን ሐውልት ሲሠራ አይሁዳዊ መሆኑን እዚያው ሐውልቱ ላይ ጽፎበታል! ማቲስ ቅዱስ ዶሚኒክን በቢጫ ሸክላ ላይ በጥቁር መስመር ብቻ ሣለው። ቅዱስ ቁርባን የሚቀመጥበት ሣጥን በር ላይ ደግሞ የብራክ ዓሣ አለ። በዚህ እኔ ቅር አይለኝም። መቼም ወንበር የሚሠራልንን አናጢ ሃይማኖትህ ምንድን ነው ብለን አንጠይቀውም።

ጠቡ የመጣው በመስቀሉ ነው። ጀርሜን ሪሺዬ የተባለች ቀራፂ ለመንበሩ ከነሐስ የሠራችው ስቅለት ፊቱ አይለይም። ገላው የተቃጠለ ግንድ ይመስላል፤ ሥጋው የት አብቅቶ እንጨቱ የት እንደሚጀምር አይታወቅም። ነቢዩ ኢሳይያስ ምዕራፍ 53 ላይ መልክና ውበት የለውም ያለውን ሰው ነው የሠራችው። ወግ አጥባቂዎች ግን ጌታ ላይ ማላገጥ ነው ብለው ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ1951 በጳጳሱ ትእዛዝ ከመንበሩ ተነሣ።

እኔን የቆረቆረኝ እዚህ ላይ ነው። ስለ ጉዳዩ ባነበብኳቸው ጽሑፎች የጳጳሱ ትእዛዝ አለ፣ የካህናቱ ክርክር አለ፣ የሠዓሊዎቹ ዝና ከነገጹ አለ። ሕሙማኑ መስቀሉን እንደወደዱት፣ የራሳቸውን ሥቃይ እንዳዩበት ግን የተነገረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ! እኛ ነገ ዜና የምንጽፍ ሰዎች ብንሆን ኖሮ መጀመሪያ ማይክ የምንይዘው ለማን ነበር? ለጳጳሱ እንዳትሉኝ ብቻ።

አምና አክስቴ ሆስፒታል ተኝታ ሳስታምማት ከአልጋዋ ትይዩ አንድ የካላንደር ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። ጉንጩ ቀይ፣ ፀጉሩ የተበጠረ፣ ሙሉ ጤነኛ ጌታ። አንድ ሌሊት ስታስል አድራ ቀና ብላ አየችውና «አይ ልጄ፣ ይሄማ መች ታሞ ያውቃል» አለችኝ። አክስቴ ስለ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ የምታውቀው ነገር የለም፣ አሲ የሚባል ስምም ሰምታ አታውቅም። የሪሺዬን ስቅለት ፎቶ ሳይ ግን ትዝ ያለችኝ እሷ ናት።

እንግዲህ «ይሄ ለተራ ምእመን አይገባም» የሚሉት ሰዎች ተራ ምእመን የሚሉት ማንን እንደሆነ አልገባኝም። ለነገሩ አባ ኩቱሪዬንም ነፃ አላወጣቸውም፤ የትልልቅ ስሞች መደርደሩ በዝቷል። ጓደኛዬ «ሙዚየም አደረጉት» ስትለኝ ሙሉ በሙሉ ተሳስተሻል አላልኳትም። ግን ሙዚየም ካሉት ነገር ሁሉ መካከል ሕሙማኑ የኔ ያሉትን ነው መርጠው ያነሡት።

መስቀሉ ወደ መንበሩ የተመለሰው ወደ 20 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። በዚያ መሐል የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ተስፋፋ፤ ከሕሙማኑ የዳነው ድኖ ወደ ቤቱ ሄዷል፣ የሞተውም ሞቷል።