አበጀ በለው ማን ነው?

በሥነ ጽሑፍ ክበባችን ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተነሣው ክርክር ከአዳራሹ ወጥቶ ምግብ ቤት ድረስ ገብቷል። አንደኛው ወገን በ2017 ዓ.ም. በቴሌቪዥን የታየው ድራማ በልባችን የነበረችውን ሰብለ ወንጌል ነጠቀን ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ መጽሐፍ የማያነብ ሰው ታሪኩን በዓይኑ ቢያይ ምን ክፋት አለው ሲል ይመልሳል።

ለመሆኑ ይህች በልባችን የነበረችው ሰብለ ከወዴት መጣች? ብዙዎቻችን ታሪኩን ያወቅነው ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ነው። ዛሬ ጉዱ ካሣን ከወጋየሁ ድምፅ ለይቶ የሚያስብ ሰው ማግኘት ይቸግራል። እንግዲህ ትረካውም ራሱ የመጽሐፉ ሌላ መልክ ነበር፤ እጅግ ስላማረ ግን መጽሐፉ ራሱ መሰለ።

ከጥሊሊ የመጡት ወንድሞቻችን በክርክሩ ድምፃቸው ከፍ ያለ ነበር፤ አያስደንቅም። በዛብህ የተወለደባት ማንኩሳ ከጥሊሊ ተነሥቶ ቡሬን አልፎ ወደ ፍኖተ ሰላም ለሚሄድ መንገደኛ መንገድ ላይ ናት። ሆኖም ከተሰብሳቢው አንዱ «አበጀ በለው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ስለ ተዋንያኑ መልክ አንድ ሰዓት ሙሉ የተናገረው አዳራሽ ዝም አለ።

አበጀ በለው በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡትን ባላገሮች የመራው ሰው ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ሲታተም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ሰልፍ ከወጡ ገና አንድ ዓመት ገደማ ነበር። የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀው በ1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ መካከል መጽሐፉን የገለጠ ተማሪ የሁለት ወጣቶችን እንባ ብቻ አነበበ ለማለት ያስቸግራል። ታሪኩ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ግን ፍቅሩ ቀርቶ የባላገሩ ጠብና የካሣ ረጅም ሙግት ተንጠባጥበዋል። የካሣን ሙግት ራዲዮ በድምፅ ሊሸከመው ይችላል፤ ለካሜራ ግን ብርቱ ፈተና ነው። ድራማው ሊመረመር የሚገባው በዚህ ነው እንጂ በሰብለ አፍንጫ አይደለም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ተከራካሪ ሁሉ መጽሐፉን ይዞ እንዲመጣ፣ መምህሮቻችንም የግል ቅጂያቸውን እንዲያውሱን እንለምናለን። የጥሊሊ ልጆች የአበጀን ታሪክ በአዊኛ ተርከው ቢያሰሙን ደስ ይለናል። ያም ሌላ መልክ ነውና፣ «አበላሻችሁት» ለማለት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ምዕራፉን አንብቦ ይምጣ።