የግንባር ግራና ቀኝ

ጭላሎ ሥር ባለችው አሰላ ጠዋት ጠዋት ሻሽ የብርድ መከላከያ ነው፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ታላቅ እህቴ ግን ቀትር ላይም ሻሿን አታወልቅም። ከልጅነቷ ጀምሮ ፀጉር ሠሪዋን «ጠበቅ አድርጊልኝ፣ እንዲቆይልኝ» ስትል ኖራለች። ኋላ የቅጥል ፀጉር ክብደት ተጨመረበትና ከጆሮዎቿ በላይ የግንባሯ ጠርዝ ተራቆተ። የ23 ዓመት ልጇም በዚያው ቦታ ፀጉሩ እየሸሸ ነው፤ አባቱ ሠላሳ ሳይሞላው ነበር ራሰ በራ የሆነው። ሁለቱም ለየብቻ ስለ ፀጉር ንቅለ ተከላ አማከሩኝ።

«የሰጠሽን ተቀበይ» የሚሉ ጎረቤቶች አሉ። ገንዘቡ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሊሆን እንደሚችል ስለሚያስቡ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን እህቴ ሠርግ ቤት ጥግ ፈልጋ ስትቀመጥ ስላየሁ ጉዳዩን ቅንጦት ነው ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በ1959 እ.ኤ.አ. የኒውዮርኩ ሐኪም ኖርማን ኦሬንትራይክ ያሳተመው ግኝት የዚህ ሙያ መሠረት ነው፦ ከጭንቅላት ኋላ ተነቅሎ ሌላ ቦታ የተተከለ ፀጉር የመጣበትን ቦታ ጠባይ ይዞ ይኖራል። የእህቴ ልጅ ተስፋ ያደረገው ይህንን ነው። እኔንም ያሰጋኝ ይኸው ነው። የተተከለው ባለበት ሲቆይ ከበስተኋላው ያለው የራሱ ፀጉር መሸሹን ይቀጥላል። ዛሬ የተሞላው ጠርዝ ከአሥር ዓመት በኋላ በመላጣ መሀል ብቻቸውን የቀሩ ሁለት ጉብታዎች መስሎ ሊታይ ይችላል። ከኋላ የሚነቀለውም ፀጉር ልክ አለው፤ የተነቀለበት ቦታ መልሶ አያበቅልም።

«አክስቴ፣ ወጣትነቴ እስኪያልፍ ልጠብቅ?» አለኝ። ልክ ነው፣ መጠበቅም ዋጋ ያስከፍላል። ግን መጀመሪያ ሚኖክሲዲልን የመሰለ መድኃኒት በሐኪም ክትትል ሞክሮ፣ ፀጉሩ የት ላይ እንደሚቆም ቢያይ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

የእህቴ ነገር ይለያል። የእሷን ፀጉር የነቀለው መጎተት ነው፤ መጎተቱ ከቆመ ጉዳቱም ባለበት ይቆማል። ገና ሲጀምር ቢሆን ኖሮ ሹሩባውን ማላላት ብቻ ሊመልሰው ይችል ነበር፤ ለዓመታት ተጎትቶ ሥሩ ሲሞት ግን ቅባትም ቅቤም አያበቅለውም። ስለዚህ ብዙ ሰው ለወጣቱ ቢያደላም፣ ንቅለ ተከላው የበለጠ የሚስማማው ለእናትየው ይመስለኛል።

ቢሆንም ቦታው አስቸጋሪ ነው። የግንባር ዳር ፀጉር ቀጭን ነው፣ ከቆዳው ጋር ተጋድሞ ይበቅላል። ከኋላ የሚነቀለው ወፈር ይላል፣ ብዙ ጊዜም ሁለትና ሦስት ሆኖ ባንድነት ይወጣል። ሐኪሙ ነጠላ ነጠላውን መርጦ፣ አስተኝቶ ካልተከለው ገና ከሩቅ ያስታውቃል። የእኛ ጥቅልል ፀጉር ደግሞ ከቆዳ በታችም የታጠፈ ነው፤ ቀጥ ብሎ የሚገባው ቀጭን መሣሪያ ሥሩን ሊቆርጠው ይችላል። በአንጻሩ ጥቅልልነቱ ጥቂቱን ብዙ ያስመስለዋል። ለተከላው ኢስታንቡል ድረስ ለሚሄድ ሰው ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ፣ ሐኪሙ እንዲህ ያለ ፀጉር ስንት ጊዜ ሠርቷል የሚለው ነው።

«እትዬ፣ ጆሮሽ ሲበሳ ጠባሳው አብጦብሽ ነበር?» አልኳት። ጠባሳው የሚያብጥ ሰው እዚህ ነገር ውስጥ ከመግባቱ በፊት ደጋግሞ ማሰብ አለበት። ከዚያው የግንባር ጠርዝ ጀምሮ ቅንድብን ጭምር የሚያረግፍ የቆዳ በሽታም አለ፤ በእሱ ላይ የተተከለ ፀጉር ብዙ ጊዜ አይጸናም። ስለዚህ አስቀድሞ የቆዳ ሐኪም ይያት፤ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ተብሎ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባው አለርት ዛሬ የቆዳ ሕክምናም የሚሰጥበት ነው። ተከላው ቢሳካ እንኳ ትዕግሥት ይጠይቃል። የተተከለው ፀጉር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይረግፋል፣ ከሦስትና ከአራት ወር በኋላ ብቅ ይላል፣ መልኩ የሚለየው ዓመት ሲሞላው ነው።

እህቴ ገና አልወሰነችም። ባለፈው ቅዳሜ ግን አብሬያት ፀጉር ቤት ሄጄ ነበር።

«ላላ አድርገሽ ሥሪኝ» አለች።

«ላላ ካለማ ሳምንትም አይቆይልሽ» አለቻት ፀጉር ሠሪዋ።

«አይቆይ» አለችና ሻሿን ፈታች።